የአባዬ ንቦች በአሮጌው ላፕቶፕ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ላፕቶፑን አስነሥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ሻይ አፈላሁ፣ ዳቦ ገዝቼ ተመለስኩ፤ እሱ አሁንም «እንኳን ደህና መጡ» እያለ ነው። ጨዋ ነው። ከጨዋነት ያለፈ ሥራ ግን የለውም። ዛሬ ደግሞ ከሆዱ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ጀምሯል።

አባዬ ከወንበሩ ሆኖ፣ «ምን እያላመጠ ነው?» አለኝ።

ዳቦውን መቁረስ ያዝኩ። የሚያላምጠው የእሱን መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

መጽሐፉ ስለ ንብ ነው። አባዬ ኪራሙ ሳለ ዕድሜውን ሙሉ ንብ ሲያንብ ኖሯል፤ የሚያውቀውን፣ አውቃለሁ የሚለውን፣ ጎረቤቶቹ የማያውቁትን ጨምሮ በእጁ ጻፈው። እኔ በዚሁ ላፕቶፕ ተየብኩለት። ያኔ ላፕቶፑ ወጣት ነበር፤ እኔም አላረጀሁም። የእጅ ጽሑፉ ከቤቱ ጋር ኪራሙ ቀረ። አባዬ እኔ ጋ ነቀምቴ ከገባ ወዲህ ስለ ቤቱ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም። ስለ ጽሑፉ ግን በየሳምንቱ ይጠይቃል።

አሁን ነገሩ ቸኩሏል። ጎረቤታችን ኦቦ ደበላ ጓሯቸው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ቀፎ እንዲሰቅል ፈቅደውለታል። ቀፎው ተገዝቶ በረንዳችን ላይ ተጋድሟል፤ አበባው ፈንድቷል፤ አባዬ ግን መጽሐፉን ሳያነብ አልሰቅልም ብሏል።

«በቃልህ ንገረኝና ልጻፈው» አልኩት።

«አንድ ነገር ሁለቴ አልናገርም። ንብ እንኳን አንዴ ከነደፈች ይበቃታል።»

ንቧ አንዴ ነድፋ እንደምትሞት ላስታውሰው አሰብኩና ተውኩት።

ማክሰኞ

ቶሌራ ጋ ሄድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ለእኔ መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ጊዜ ሠርቶልናል። አንዱ ዛሬም ይሠራል።

«አካም ጂርቱ፣ አዴ የሺ? ደህና ነዎት? ይኼ ዕቃ እስካሁን አለ?»

ከእኔ ጤና የላፕቶፑ ጤና አሳስቦታል። ገልብጦ ፈታው። አቧራ፣ የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ የሩዝ ፍሬ፣ በረሮዎች ትተውት የሄዱት መንደር። ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ አቧራ እንዳይነካው ስጠብቅ የኖርኩ ሴትዮ ነኝ፤ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ፍርዱ አጭር ነው። ሃርድ ዲስኩ እየሞተ ነው። እሱ ወጥቶ ኤስኤስዲ የሚሉት ፈጣን ዲስክ ይገባል፣ ራም ይጨመራል፣ ማራገቢያው ይቀየራል።

«ታዲያ ከዚያ በኋላ ያው ላፕቶፕ ነው?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «ስሙ ያው ነው።»

በዚህ ጥያቄ ላይ ወፍራም መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች አሉ። አንዱንም ካነበብኩት በኋላ እንዲህ አልረካሁም።

«አባዬ» የሚል ፎልደር እንዳለ፣ እሱ ከጠፋ ላፕቶፑን መልሶ ባያመጣልኝ እንደሚሻል ነገርኩት።

«ረኮን ሂንጂሩ» አለ። ችግር የለም ማለቱ ነው። በዚህ ከተማ ችግር ሊጀምር ሲል የሚባለው ይኼው ነው።

ረቡዕ

ሥጋቶች፦ ዲስኩ ሳይገለበጥ ይሞታል። ተገልብጦ ይጠፋል። ቶሌራ ይታመማል። መብራት መኻሉ ላይ ይሄዳል። አባዬ ይጠይቀኛል።

አምስተኛው ደረሰ፤ ቁርስ ላይ። «ሆስፒታል ገብቷል» አልኩት። ይቆጣል ስል፣ «ጠያቂ አለው?» አለኝ።

ከቀትር በኋላ ቶሌራ ደወለ። ፎልደሩ ተገልብጧል፤ ተመስገን። ግን አንድ ነገር ሊጠይቀኝ ፈልጓል።

«የአባትዎ ኦሮምኛ የየት አገር ነው?»

«የምን ኦሮምኛ?»

«ይኼ የተጻፈው። እናቴ የጊምቢ ሰው ናት፣ ሚስቴ የደምቢ ዶሎ። ለሁለቱም በስልክ አነበብኩላቸው፤ አንዳቸውም አልገባቸውም። ሚስቴ እንዲያውም ጠጥተሃል አለችኝ።»

አባዬ ኦሮምኛውን ገበያ ላይ እንደ ውኃ ያወርደዋል እንጂ ጽፎት አያውቅም። የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩም፤ ገላቶማ፣ አመሰግናለሁ፣ ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ

ላፕቶፑ መጣ። ቁልፉን ተጭኜ ሻይ ላፈላ ስነሣ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። እንደ ድሮው መስሎኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ጥቂት ቀረኝ።

«አባዬ»ን ከፈትኩ።

የአማርኛ ዘር የለበትም። ባርኔጣ የደፋ ኤ፣ ጭራ ያበቀለ ሲ፣ በአናቱ ሁለት ነጥብ የተሸከመ ኦ፣ መኻል መኻሉ ላይ የዶላር ምልክት። ገጽ በገጽ እንዲሁ።

ቁጭ ብዬ ሳስብ ገባኝ። እኔ ያኔ የተየብኩት በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ነው። ኮምፒውተሩ በውስጡ የሚያስቀምጠው የላቲን ፊደል ነበር፤ አማርኛው ከላዩ የሚለብሰው ልብስ ነው፤ ፎንት ይሉታል። ቶሌራ ጽሑፉን ገልብጧል። ልብሱ ግን ሌላ ቦታ ነበር የሚቀመጠው፤ ከአሮጌው ዲስክ ጋር ቀረ። አባዬ ሰባ ገጽ ሙሉ ራቁቱን ቆሟል።

ይኼን እያሰብኩ ሳለ እውነተኛው አባዬ ከጀርባዬ መጥቶ ቆሞ ኖሯል። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፣ ጎንበስ አለ፣ ትክ ብሎ አየ። የላቲን ፊደል አያነብም፤ ግን ከተማው ውስጥ ያለው ታፔላ ሁሉ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ ስለሆነ መልኩን ያውቀዋል።

«በኦሮምኛ አስተረጎምሽው!» አለ።

«አባዬ...»

«እኔን ሳትነግሪኝ! ለካ ለዚህ ነው የዘገየሽው።» ተቀመጠ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ማያ ገጹን ያያል። «እዚህ አገር ማን ያነብልኛል እያልኩ ነበር እኮ። አሁን ደበላም ያነበዋል።»

ይኼን አስቦ እንደሚያውቅ አላውቅም ነበር። «ገና አላለቀም» አልኩት። ውሸት አይደለም። እውነት ነው ብዬም አልምልም።

ዓርብ

ጠዋት በአጥሩ በኩል፣ «ደበላ! መጽሐፌ በኦሮምኛ ወጣ!» ሲል ሰማሁት። ኦቦ ደበላም «ዱጉማ? እውነትህን ነው?» ብለው መነጽራቸውን ሊያመጡ ገቡ።

ይህን ጊዜ መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ካልተቀየሩት ዕቃዎች አንዱ ነው፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የነቀምቴን መብራት እንዲህ ወድጄው አላውቅም። ኦቦ ደበላ «ነገ እመጣለሁ» ብለው ተመለሱ፤ እኔ ላፕቶፑን ይዤ በባጃጅ ወደ ቶሌራ።

«አሮጌውን ዲስክ ጥለኸዋል?»

«ኧረ አልጣልኩም፣ አዴ የሺ። ደረሰኝ እንዳይበር ላዩ ላይ ጭኜዋለሁ።»

መናኸሪያው አካባቢ መብራት አለ። ነገሩን አስረዳሁት። ግንባሩን መታ፤ የሚስቱ ስድብ አላግባብ እንደነበር አሁን አረጋገጠ። ዲስኩን በገመድ አገናኝቶ ጆሮውን አስጠጋ። ቀጭ፣ ቀጭ። «ኮቱ፣ ኮቱ» ይለዋል፤ ነይ፣ ነይ፤ ጊደር የሚያባብል ነው የሚመስለው።

ልብሱ፣ ፎንቱ ማለት ነው፣ በሁለት ፋይል የተከፈለ ነው። አማርኛ ፊደሉ ብዙ ስለሆነ ያኔ በአንዱ አልበቃ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ወጣ። ሁለተኛው ላይ ዲስኩ አንዴ ቀጭ አለና ዝም አለ። ቶሌራ ነቅሎ ሰካው፤ ዝም። ገለበጠው፤ ዝም። ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠው።

«ግማሹ ወጥቷል» አለ።

«በግማሽ ፊደል ምን ይሠራል?»

«ነቀምቴ ላይ ይበቃል።»

ቤት ስገባ መብራት መጥቷል፤ ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው። ከየቃሉ አንዱ ፊደል አማርኛ ነው፣ ቀጣዩ ላቲን፤ ገበያችን ውስጥ ቆሜ የምሰማውን ወሬ በጽሑፍ ያየሁት መሰለኝ። ሁለተኛውን ፋይል ቶሌራ አዲስ አበባ ላሉ የሙያ ጓደኞቹ እየደወለ ሊያፈላልግ ነው። የፎንቱን ስም አጻጻፍ ግን ሁለታችንም አናውቀውም።

ለአባዬ ሁሉንም ነገርኩት። ፊደሉ በመጥፋቱ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ኦሮምኛ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ምኑም?»

«ምኑም።»

«ለደበላ ነገርኩት እኮ» አለና ወደ ክፍሉ ገባ።

ቅዳሜ

ጠዋት አባዬ ቁርሱን በረንዳ ላይ ብቻውን በላ። ኦቦ ደበላ መነጽራቸውን አድርገው መጡ፤ እንደ ሠርግ እንግዳ ተስተካክለው። አባዬ ወለሉን እያየ፣ «ልጄ አላስተረጎመችውም፤ እኔ ነኝ ያልሆነ ነገር ያየሁ» አላቸው። በዚህ ዕድሜው ሰው ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ኦቦ ደበላ ላፕቶፑን ወደ ራሳቸው ሳቡና፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ምንባብ በሚያነቡበት ድምፅ፣ ባለባርኔጣውን ሁሉ በቁቤ ደንብ ማንበብ ጀመሩ። የዶላር ምልክቱ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ዶላር» አሉ በክብር፣ ቀጠሉ።

አባዬ ሳቀ። ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ሳቀ።

ከዚያ በአማርኛ የወጡትን ፊደሎች እያየ ማረም ጀመረ። «የለም፣ እዚያ ጋ ያልኩት ሰም ነው። ቀፎው በውስጡ ሰም ይቀባል ነው ያልኩት። ቀጥሎ ያለውን አሳየኝ።» ቀስ ብዬ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እኔ ወሰድኩና መጻፍ ጀመርኩ። አንድን ነገር ሁለቴ እየተናገረ ነው። አላስታወስኩትም። ኦቦ ደበላ እያንዳንዱን በኦሮምኛ ይደግሙታል፤ የተረዱ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ነው ይላሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ የምለውን የማትጽፊው ለምንድን ነው?» አሉኝ። ሁለተኛ ፋይል ከፈትኩ። ድሮ ሁለት ፋይል ባንድ ጊዜ ብከፍት ላፕቶፑ ራሱን ይስት ነበር። አሁን ንቅንቅ አላለም።

ኪራሙ ስለነበረው ማር የሚሰርቅ ጎረቤቱ የጻፈው አንቀጽ ላይ ስንደርስ አባዬ ኦቦ ደበላን አየት አደረገ። ስድቡ በጣም የሚያምር ነበር፤ ስተይበው እንደሳቅኩ አስታውሳለሁ።

«እሱን ዝለይው» አለኝ። «የት እንደገባ አላውቅም።»

እሑድ

ኦቦ ደበላ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጡ። ዛሬ ስለ አሰቃቀሉ የሚያወራው ገጽ ነው፤ በረንዳው ላይ የተጋደመው ቀፎ የሚጠብቀው ገጽ። «ቀፎው የሚሰቀለው...» የሚለው ድረስ ደረስን። ከዚያ የዛፉ ስም ነው። ከስሙ አማርኛ ሆና የቀረችው መኻል ላይ ያለች አንዲት «ሳ» ናት።

አባዬ «ዋንዛ» አለ። ሳ የለውም። «ግራር።» የለውም። ዓይኑን ጨፈነ። «ጽፌዋለሁ። ምክንያቱንም ጽፌያለሁ።» ጣቱን እያጠፈ የዛፍ ስም ቆጠረ። የፈራው ይኼንኑ፣ መርሳቱን፣ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። መጽሐፉን ሲጠይቀኝ የከረመው ከዚች ቅጽበት ለማምለጥ ነው።

ኦቦ ደበላ ማያ ገጹን በጣታቸው ነኩ። «ሳ... በከኒሳ ነዋ።»

«እኔ የጻፍኩት በአማርኛ ነው፣ ደበላ።»

«ታዲያ በአማርኛ በከኒሳን ምን ትሉታላችሁ?»

አባዬ ዓይኑን ገለጠ። «ቢሳና!»

ኦቦ ደበላ ጭናቸውን መቱ። «ከኒሳ በእኛ ንብ አይደለች? በ-ከኒሳ፤ ቃሉ ውስጥ ተቀምጣለች። በእናንተ ብትጠፋ በእኛ አትጠፋም!»

አባዬ ነቀምቴ ከገባ ጀምሮ የሚኖርበት ሰፈር ስሙ በከኒሳ ቀሴ ነው። የኦቦ ደበላ የጓሮ ዛፍም ቢሳና ነው። አባዬና እኔ በመስኮቱ ወደዚያው አየን።

ከቀትር በኋላ የኦቦ ደበላ ትልቁ ልጅ ዛፉ ላይ ወጥቶ ቀፎውን ሰቀለው። አባዬ ከታች ሆኖ በሁለት ቋንቋ ተቆጣው። ንብ ይግባ አይግባ አይታወቅም። የቀረው ገጽ ብዙ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማናገኘው ፊደል መኖሩ አይቀርም። የተሠራውን በፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለቶሌራ ሰጥቼዋለሁ፣ ደረሰኝ ላይ እንዳይጭነው አስጠንቅቄ።

አሁን ሁለቱ ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር በርጩማ አስቀምጠው ባዶውን ቀፎ እያዩ ነው። አባዬ ቅድም በመስኮቱ፣ «እስካሁን አልመጡም» አለኝ።

«እየተነሡ ይሆናል፣ ትንሽ ጠብቅ» አልኩት። በእንዲህ ያለው መጠበቅ ልምድ አለኝ። ላፕቶፑ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ዛሬ የሚጠብቀው እሱ ነው።