የኢተፋ ዘር

ሐምሌ 28
ዛሬም ዝናብ የለም። ስንዴው አላድግ ብሏል። ሲናሩ፣ ያ ስንዴ መሳይ አረም፣ ግን ከመሀሉ ብቅ ብቅ... እሱን ማን ከለከለው?
ሚስቴ ሶረቲ «አንተ ሰውዬ፣ ሳይረፍድ በእጅ እንንቀለው» አለች። በዚህ ወገብ? ሳቅሁባት። ነገ አዳማ ሄጄ የአረም መድኃኒት እገዛለሁ።

ነሐሴ 3
ረጨሁ። ጠዋት ነፋስ ነበር፣ ቆም ሲል ቀትር ሆነ። በነሐሴ እንዲህ ያለ ፀሐይ! ድሮ በነሐሴ ጭቃው ከቤት አያስወጣም ነበር። ደከመኝ።

ነሐሴ 19
ሲናሩ ንቅንቅ አላለም። ስንዴው ነው ቢጫ የሆነው።
የግብርናዋ ልጅ ፋና መጥታ አየችው።
«ኦቦ ኢተፋ፣ በስንት ሰዓት ነው የረጩት?»
«በቀትር።»
ድርቅና ሙቀት የመታው አረም መድኃኒቱን አይጠጣም አለች። ደግሞ በየዓመቱ ያንኑ ስለምንረጭ ለምዶታል።
«ልድገመው?»
«አይድገሙት። ስንዴውን ይጨርሱታል።»
ታዲያ ምን ላድርግ?

መስከረም 7
ዝናቡ አሁን መጣ። ምን ሊያደርግ? ሲናሩ ከስንዴው በላይ ራስ አውጥቷል፣ ከመንገድ ይታያል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ሠፈሩ ዘር የሚወስደው ከእኔ ነው። «የኢተፋ ዘር ንጹሕ ነው» ይባላል። ዘንድሮ ምን እሰጣለሁ? አፍሬ በጓሮ በር ነው የምመላለሰው።

መስከረም 9
ጎረቤቴ ጫምሳ መጣ። ስለ ዘር ሊያነጋግረኝ።
«ዘንድሮ ከእኔ አትውሰድ፣ ሲናር ነው» አልኩት።
ሳቀ! «አይቼዋለሁ እኮ። የእኔማ ስንዴው ነው አረሙ።»
ሁላችንም አንድ መድኃኒት፣ በአንድ ፀሐይ... ንጹሕ ዘር ያለው ሰው የለም ማለት ነው። ከሁሩታ ማዶስ ይኖር ይሆን?
ሶረቲ ከጓዳ «አንድ ቁራጭ ማሳ እንኳ ለዘር እናትርፍ። ጅጊ ጥራ» አለች።
ጅጊ! መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ማን ለአረም ሰው ጠርቶ ያውቃል?

መስከረም 12
መጡ። ከስድስት ቤት። ጎበዛዝቱ ራስ ያላወጣውን ሲናር ከስንዴ አይለዩም፣ ስንዴዬን እየነቀሉ ይከምራሉ። በእጃቸው አርመው የት ያውቃሉ! ሶረቲ ጮኸች፣ ከዚያ ከፊት ከፊታቸው እየሄደች አሳየቻቸው። እኔም ከኋላ አጎንብሼ... ማታ ቀና ማለት አቃተኝ።
የጓሮው ቁራጭ ጸዳ። ሌላው ለከብት ይታጨዳል።

ኅዳር 24
ዘሩ ተወቃ። ትንሽ ነው፣ ግን ሲናር የለበትም። ጅጊ የመጡት ሁሉ ይካፈሉታል፣ ለእኛ የሚተርፈው አንድ ቁና ይሁን ሁለት። በሚመጣው ክረምት ደግሞ በስድስት ሰው ማሳ ማጎንበስ አለብኝ። ወይ ወገቤ!
ጫምሳ ጆንያውን ይዞ በር ላይ ቆመ።
«ለዘር ነው የመጣኸው?» አልኩት።
«አዎ። የሶረቲን ዘር ልወስድ።»
ወደ ጓዳ ዞሬ ሶረቲን ጠራኋት። ራሷ ሰፈረችለት። እኔ ጆንያውን ያዝኩ።