መጨረሻው የተቆረጠው ፊልም

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6። ምሽት

ከከድር ሱቅ ጓዳ አሁን ገባሁ። የሳምንቱ ርዕስ «ዝናብ»። ያየነው የከድርን ምርጫ። ፊልሙ ደህና፣ ዝናቡ ግን የውሃ ቧንቧ እንደሆነ ያስታውቃል።

አዲስ ደብተር ነሽና ልማዳችንን ልንገርሽ። በየቅዳሜው አንዳችን ርዕስ እናወጣለን። ለርዕሱ የሚሆን ፊልም ሁሉም ይመርጣል፣ ተከራክረን አንዱን እናያለን። ከዚያ ዋናው ጨዋታ፦ «ሌላ መጨረሻ»። ዳይሬክተሩ ያላሰበውን እኛ እናስብለታለን። ሆሳዕና ውስጥ ከዚህ የተሻለ መዝናኛ ካለ አምጪልኝ።

ሰዎቹ። ከድር፦ መናኸሪያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፣ በፍላሽ ፊልም ይጭናል። ሻይ ጣፈጠ ለማለትም ወላሂ ይላል። ጋሽ ሀንዲሶ፦ ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር፣ እኔንም አስተምረውኛል። የሳቸው ሌላ መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ይላክ። ከአንበሳ ጋር ለተፋጠጠ አዳኝ እንኳ ሽማግሌ ልከዋል። ማርታ፦ የእጮኛዬ የደሳለኝ እህት። አምስተኛው ራሱ ደሳለኝ ነው። ደ/አፍሪካ ሱቅ ይሠራል። ፊልሙን እዚያው ያይና በቴሌግራም በድምፅ ይሳደባል። በጥር መጥቶ ሊያገባኝ ነው።

ሊያገባኝ ነው ልበል እንጂ። ሦስት ሳምንት ድምፁ የለም። ጽሑፍ ብቻ። የስልኩ ማይክ ተበላሽቷል አለ። እሺ። የዛሬው መልእክት ግን፦ ጥሩ ፊልም ነው፣ ወድጄዋለሁ።

ወደደው! ደሳለኝ ፊልም ወዶ አያውቅም። ፊልም የሚያየው ለመጣላት ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከክፍል እንደወጣሁ ደወልኩ። ጠራ፣ ተቋረጠ። ወዲያው ጽሑፍ መጣ፤ ሱቅ ሰው አለብኝ ይላል። ማታም ሰው አለበት። እሑድም ሰው አለበት። ምን ዓይነት ሱቅ ነው?

እዚያ ሄዶ ሌላ ያገባውን ሰው ታሪክ እዚህ ያልሰማ የለም። የኛ ሰፈር ብቻ ሁለት የተተዉ ሴቶች አሉ። የት/ቤታችን ጸሐፊ አንዷ ናት፤ አምስት ዓመት ጠብቃ ሠርጉን በፎቶ አየችው። አሁን ስሙን ሲጠሩባት በሩን ትዘጋለች።

ስልኩን ሴት ይዛዋለች። አበቃ። ጨዋ ሴት ናት መሰለኝ፣ ፊልሙን ሁሉ ትወድለታለች።

ማርታ ታውቃለች ወይ? ሰሞኑን ዓይኔን ሸሽታ ነው የምታወራኝ። ከድርም በፊት እንደሚያበሽቀኝ አያበሽቀኝም፤ ወንበር ያቀርብልኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የቅዳሜ ርዕስ ተራው የኔ ነው። ወጥመድ አጠምዳለሁ፦ «ሁለት ቤት ያለው ሰው»።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወጥመዴ ባዶውን ቀረ። ወይም ያልጠበቅሁት ነገር ገባበት፣ አላውቅም።

ፊልሙን ትቼ ፊታቸውን ነው ያየሁት። ባልየው ከአንደኛዋ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላዋ ሲሮጥ ማርታ ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች። ከልቧ። ከስንት ሳምንት በኋላ ሲስቅ ያየሁት ፊት። ከድርም ሳቀ። ጋሽ ሀ. ሽማግሌ ላኩ፣ ለሁለቱም ቤት። ሁሉም ቀለል አላቸው። ጉድ እኮ ነው። በእሾህ ወግቻቸው ኮረኮርኳቸው።

ተራዬ ደረሰ። በንዴት አንድ ሌላ መጨረሻ ፈጠርኩ፦ ሰውዬው ይሞታል፣ ሁለቱ ሚስቶች ቀብሩ ላይ ይተዋወቃሉ። ማርታ ስልክ ተደወለልኝ ብላ ወጣች። ስልኳ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ከድር ስክሪኑን አጠፋ። ጋሽ ሀ. «ሰው መግደልማ ቀላል ነው ልጄ፣ ሌላ አምጪ» አሉኝ።

ምን አጠፋሁ? የወንድሟን ነገር ነካሁባት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከራት በኋላ። የደሳለኝ ሐሳብ መጣ፦ ሽማግሌ ቢላክ ኖሮ ሁለቱም ቤት ይተርፍ ነበር።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ደሳለኝና ሽማግሌ? ይህን ሐሳብ ሲሰማ እኮ ስልኩን ከጆሮው አርቆ የሚጮህ ሰው ነው። ይህ የጋሽ ሀንዲሶ ሐሳብ ነው።

ስለዚህ ሴት የለችም? ወይስ አለች፣ እነሱም እየሸፈኑለት ነው? ሁሉም? ጋሽ ሀንዲሶም? መምህሬ?

እሑድ፣ ኅዳር 14

ከጸሎት በኋላ የደሳለኝ እናት ዘንድ ሄድኩ። እማማ ዘነበች አዲሱ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ ደሳለኝ ያሠራላቸው ቤት፣ ሳሎኑ ገና የቀለም ሽታ አለው። ማርታ ካገባች ወዲህ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው።

ሙሽሪት ብለው ሳሙኝ። እጄን ይዘው ጓሮ ወሰዱኝ። እንሰቱ ሥር ያለውን ጉድጓድ እንደገና አሳዩኝ፤ ለሠርጋችን የቀበሩት ቆጮ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። እንዲህ የቆየ ቆጮ አፍ ላይ ይቀልጣል፣ ከሱ በቅቤ የሚሠራው አተካና ዱራሜ ድረስ ይወራልሻል አሉኝ።

እንደ ዋዛ ጠየቅኋቸው፤ ድምፁን መቼ ሰሙ? ቆየሁ አሉ። ጉሮሮውን ጉንፋን ይዞታል ብላኛለች ማርታ። መልእክቱን እሷ ናት የምታነብልኝ አሉ።

ለኔ ማይክ። ለሳቸው ጉንፋን። ውሸቱን እንኳ አልተማከሩበትም። በጣም ተናደድኩ። ለሳቸው ስል ፈገግ አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

የሚቀጥለው ርዕስ የጋሽ ሀ. ነው፦ «ወንዝ»። ለሱ የሚሆን አንድ የቆየ የህንድ ፊልም ከከድር አስጫንኩ። ልጅ ታንኳ እየቀዘፈ ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ይሄዳል፣ እናት ወንዙ ዳር ትጠብቃለች። ቤት ወስጄ አየሁት። ልብ ይበላል። ታንኳው የወንዙን ጥምዝምዝ ዞሮ ብቅ ሲል፣ እናትየው ከተቀመጠችበት ስትነሣ፣ ቀጥ። ጥቁር።

ከድር ዘንድ ተመለስኩ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው አለ። ከድር ነው ይህን የሚለው! መግቢያው ላይ አንድ ሰከንድ ብትጎድል ሌሊቱን ሙሉ ሌላ ሲያወርድ የሚያድር ሰው። ወላሂ በል አልኩት። ሞባይል ሊፈታ አንገቱን ደፋ። ሌላ ሰው ገባ፣ ከሱ ጋር ማውራት ጀመረ።

ወላሂ አላለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ዛሬ ፊልም የለም። ማርታ ለሥልጠና አ.አ. ሄዳለች ተባለ። ለቢሮዋ ሰው ደወልኩ፣ ሥልጠና የሚባል አልሰሙም።

ከገበያ ስመለስ ጋሽ ሀ.ን በዕድሩ መጋዘን በር ላይ አየኋቸው። የድንኳን ብረት ያስለያሉ፣ የጎደለውን ችካል ያስቆጥራሉ። ለምን አልኳቸው። ለሠርግ። የማን? የሩቅ ዘመድ። በኅዳር ሠርግ፣ እኔ ያልሰማሁት፣ በዚህች ከተማ?

አሁን ገባኝ። ማርታ ልትቀበለው ሄዳለች። ሚስቱን ይዞ እየመጣ ነው። ድንኳኑ ለነሱ ነው። እኔን በፊልም እያባበሉ ጊዜ ይገዛሉ። እናቱን ደግሞ ድንገት ሊያስደስቷቸው! ከጉድጓዱ ቆጮ ልትበላ ነው ያቺ ሴት። የኔን ቆጮ!

ደሳለኝ፣ እግዚአብሔር ይይልህ። ማርታ፣ አንቺንም። ጋሽ ሀንዲሶን መርገም አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

ሰኞ፣ ኅዳር 22። ዱራሜ

ለመምህራን ስብሰባ መጣሁ። ከሰዓት በኋላ ያለውን ቀረሁ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ፊልም ጫኝ አገኘሁና የታንኳውን ፊልም ጠየቅሁት። አለኝ፣ ሙሉው።

ያረፍኩበት ክፍል ውስጥ፣ ከድር የቆረጠው ቦታ ላይ ከፈትኩት።

ታንኳው ጥምዝምዙን ይዞራል። እናትየው ትነሣለች። የበዓል ልብሷን ለብሳለች። ታንኳው ላይ ሁለት ሰዎች ይቀዝፋሉ፣ ልጁ ከነሱ አንዱ አይደለም። መሐላቸው ሳጥን አለ። እናትየው እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ትገባለች።

ዘጋሁት።

ሌላ ሴት ሲባል የሳቁት ሰዎች። ቀብር ሲባል የሸሹት። ወላሂ ያላለው ከድር። ድንኳኑ። አ.አ.፣ ኤርፖርቱ።

አይደለም። እየጠረጠርኩ ነው እንጂ አይደለም። ስጠረጥር ስንቴ ተሳስቻለሁ፣ ከትናንት በስቲያ እንኳ በዚህ ብዕር ሚስት ድሬለት ነበር። ሚስት ይኑረው። አምላኬ፣ ሚስት ይኑረው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ ለደሳለኝ ጻፍኩ። የታንኳውን ፊልም እስከ መጨረሻው አየሁት፣ ያንተ ሌላ መጨረሻ ምንድን ነው አልኩት።

እየጻፈ ነው ይላል። ይቆማል። እየጻፈ ነው ይላል። ይቆማል። ሆሳዕና ልንገባ ስንል መጣ፦

«ለዚህስ ሌላ መጨረሻ አጣሁለት ልጄ።»

ልጄ። ደሳለኝ ጸጊ ነው የሚለኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምነው እህቴ አለችኝ። መኪና አይስማማኝም አልኳት። ሎሚ ሰጠችኝ።

ያው ማታ። ተናድጃለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ ደግሞ ተናድጃለሁ። የሞተ ሰው አናገሩኝ። ከሞተ ሰው ጋር ስለ ዝናብ አወራሁ። ምን መብት አላቸው?

ምን ያድርጉ ደግሞ። መርዶ በስልክ አይነገር። ለብቻዋ ላለች ሴት አይነገር። አስከሬኑ እስኪደርስ አፋቸውን ይዘዋል፤ ሲደርስ ጎሕ ሲቀድ ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ። ወጉ ይህ ነው። እኔም ለጎረቤት መርዶ በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ማርታ በራሷ ሐዘን ላይ የኔን ጨምራ ተሸክማለች። የወንድሟን ቴሌግራም ከፍታ ለሽማግሌው ሰጠች፤ እሷ በሱ ስም መጻፍ አልቻለችም መሰለኝ። ጋሽ ሀንዲሶም በዚያ ወፍራም ጣታቸው ደሳለኝን ሆነው ጻፉልኝ። ደሳለኝ ግን የሰው ፊልም አያሞግስም ነበር። እሳቸው ክፉ መናገር አይችሉበትም።

ማንን ልጣላ?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ማርታ ደወለች። ድምጿ ሻክሯል። ዓርብ ማታ እመለሳለሁ አለች። ቅዳሜ ጠዋት የት ነሽ አለችኝ። ቤት አልኳት። ጋሽ ሀ.ም ት/ቤት ድረስ መጥተው ያንኑ ጠየቁኝ። ቤት ነኝ አልኩ። ዓይናቸው ቀልቷል። አቧራ ነው አሉ። አዎ፣ አቧራ አለ አልኩ።

እንዳወቅሁ ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እኔ ካወቅሁ እንዴት ሞተ ብዬ እጠይቃለሁ፣ እሳቸውም እዚያው የት/ቤቱ በር ላይ ቆመው ሊነግሩኝ ነው። የያዙትን ይያዙት። ሁለት ቀን ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ነው። ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ወደኔ፣ ግማሹ ወደ እማማ ዘነበች። እሳቸው ብቻቸውን ናቸው። በር የሚከፍቱት ራሳቸው ናቸው።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። እማማ ዘነበች ቤት

ላድር መጥቻለሁ። ናፈቁኝ አልኳቸው። ውሸት አይደለም።

ጓሮ ስገባ ጉድጓዱን ከፍተውታል። ምነው አልኩ። እጄን ሳብ አድርገው በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ ጎረቤት ዕድሩ ድንኳን ሲያዘጋጅ አይታለች፣ ማርታም አዲስ አበባ ናት፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ «ልጄ ድንገት ሊመጣልኝ ነው፣ እኔን ሞኝ አድርገውኛል እኮ!» ይስቃሉ። የበዓል ልብሳቸውን አጥበው ገመድ ላይ ሰቅለዋል።

እኔ ያየሁትን ሁሉ አይተዋል። አንድም አልጎደላቸውም።

ልነግራቸው ነበር። አፌን ከፈትኩ። ቆጮው እንዴት ወጣ አልኩ። ወርቅ ነው አሉኝ፣ በጣታቸው አቀመሱኝ። እውነትም ወርቅ ነው።

ይህችን ማታ አልወስድባቸውም። ለጋሽ ሀንዲሶ መልእክት ልኬያለሁ፣ በራሳቸው ስልክ፦ ነገ እኔ ቤት አትምጡ፣ ያለሁት እማማ ዘንድ ነው፣ አውቃለሁ። እየጻፉ ነው ይላል። ይቆማል።

አልጋ አብረን ነው የምንተኛው። በር በኩል እኔ እተኛለሁ ብያለሁ። ሲያንኳኩ የምነሣው እኔ ነኝ፣ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ። ልብሱን ግን ከገመዱ ላይ ቀድሜ ላውርደው፣ ጠዋት ለብሰውት እንዳይ

እየጠሩኝ ነው። ራት ቀርቧል።