የከማል የመጨረሻ ካርታ

ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ሒክማ፣

አላህ ያጽናሽ። በስልክ «ጋሽ ሀብታሙ፣ አባቴ እንዳኮረፈኝ ሞተ፤ ከእንግዲህ ለማን ብዬ እመጣለሁ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ። መልሼ ልደውል ስላልደፈርኩ፣ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ዱባይ ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለመሠረት ይህን ወረቀት ሰጥቼ ልኬልሻለሁ።

ከአባትሽ ጋር በልብስ ስፌት ሱቁ ሃያ ሁለት ዓመት ፖከር ተጫውተናል። በገንዘብ ሐራም ነው ስለሚል በሽምብራ ነበር የምንጫወት። ጥሩ ካርታ ሲደርሰው ፊቱን አጨፍግጎ «ዛሬስ አልቀናኝም» ይልና እኔ ስጨምር ሽምብራዬን ይጠርገዋል። «ጥሩ ካርታ የሚደበቀው ባላጋራህ ለመጨመር ሲቸኩል ነው። ሊነሣ ላሰበ ሰው ከደበቅህ ግን ባዶ እጅህን ትቀራለህ» ይለኝ ነበር።

በሞተበት ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አልጋው ላይ ሆኖ «እስቲ ካርታ አምጣ» አለኝ። ሁለት ጊዜ ሳይጨምር ዝም ብሎ አሳለፈ። የደከመው መስሎኝ ካርታዬን ጥዬ ልነሣ ስል የያዘውን ገለጠ፤ ሦስት አስ!

«አየህ፣ ዝምታውን አበዛሁት» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ።

«ሒክማንም እንዲሁ አደረግኋት። ሳታስፈቅደኝ ያገባችው ከእብናት የመጣው ልጅ ደግ ባል መሆኑን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ። ቂሜም ያኔውኑ ወጥቶልኛል። እሷ ትቅደም ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

ልጄ፣ እዚህ ላይ እጄ ይከብደኛል። ለአረፋ ትኬት መቁረጥሽን ካወቅሁ ወር ሆኖኝ ነበር። «አንንገረው፤ ድንገት ሲያይሽ ደስታው እጥፍ ይሆናል» ያልኩሽም እኔው ነኝ። እንባውን እያየሁ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የቀረው ሃያ ቀን ነው ብዬ ዋጥሁት።

«አይዞህ፣ ትመጣለች» ብቻ አልኩት።

«አንተ ደግሞ፣ ልታጽናናኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በማግስቱ ጧት እናትሽ ሩቅያ ጠራችኝ። ሮጬ ሄድኩ፤ አልደረስኩበትም።

ከተቀበረ በኋላ ሰው እስኪበተን ቆሜ ጠበቅሁና «ልትመጣ ነው እኮ፣ ከማል» አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ሩቅያ የትኬቱንም የዝምታዬንም ነገር አታውቅም። በየጧቱ ሱቁን ትከፍታለች፤ የስፌት መኪናውን አቧራ ጠርጋ፣ መልሳ ትዘጋዋለች። አንቺ አዘንሽብኝ ብዬ አልከፋም፤ ትኬቱን ግን አትመልሺ። ለእሷ ድረሺላት። እኔን ማየት ከከበደሽ በሌላ መንገድ እሄዳለሁ።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ልብሽንም ያሳርፍልሽ።

የአባትሽ ጓደኛ ነበርኩ የምል፣
ሀብታሙ