ከግንቡ ሥር ስለተተከለልን የመሰብሰቢያ ምልክት

ለተከበሩ የከተማችን የዳገት ግንቦች ክፍል ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎም የቢሮዎ ጣሪያም እንደጸኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የዳገቱ ሥር ነዋሪዎች፣ ከአንድ ሰው በቀር፣ ደህና ነን።

አንደኛ፣ ከበላያችን ያለውን አፈር ደግፎ የያዘውን ግንብ ስላስዋቡልን አመሰግናለሁ። የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ መልኩን እያቆሸሹ ነበርና፣ ሠራተኞችዎ በሲሚንቶ ደፍነው የቼሪ አበባ ሣሉበት። እውነትም አማረ። መውጫ ያጣው የዝናብ ውሃ ከኋላ ሲጠራቀም ግንቡ እንደ እርጉዝ ሆዱ ገፋ፤ አበቦቹም አብረው ፈኩ።

ሁለተኛ፣ አቤት ብንል ባለሙያ ላኩልን። ግንቡን መታ መታ አደረገና «እትዬ፣ አይስጉ፤ መሬት ካልተንቀጠቀጠ ምንም አይሆንም» አለኝ። ጃፓን ውስጥ ቆሞ ይህን ለማለት የሚጠይቀውን ድፍረት እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

ቀጥሎ ያለው ግን ቁጥር አይወጣለትም። ጎረቤቴ ጋሼ ቶኩዞ የእርስዎን ማስታወቂያ ሁሉ አንብበው የሚፈጽሙ ሽማግሌ ነበሩ። ባለፈው ወር መሬት ሲንቀጠቀጥ ሄልሜታቸውን አጥልቀው፣ ክፍልዎ «የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያ» የሚል ምልክት ወደ ተከለበት ግንብ ሥር ሄደው ቆሙ። ከመንገዱ ማዶ «ጋሼ፣ ኧረ ወዲህ ይምጡ!» ብዬ ብጮህ፣ «ምልክቱ እዚህ ነው የሚለው! አንቺ ሳዋኮ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ልትበልጪ ነው?» ብለው ሳቁ። መሬቱ ዳግም ሲናወጥ ገና እየሳቁ ነበር።

ከተናዱት አበቦች ሥር ስናወጣቸው የሄልሜታቸው ማሰሪያ እንኳ አልላላም፤ ልክ መመሪያዎ እንደሚያዘው።

ስለላኩት የአበባ ጉንጉን እግዜር ይስጥልን። ምልክቱንም አቧራውን አራግፋችሁ፣ ካልወደቀው የግንቡ ግማሽ ሥር መልሳችሁ ተክላችሁልናል። የዚያም ቀዳዳ ድፍን ነው፤ ሆዱም ገፍቷል። ባለቤታቸው እትዬ ሃትሱኖ ታዲያ መሬት ትንሽ በተነቃነቀ ቁጥር እዚያው ሄደው ይቆማሉ። ብንለምናቸው፣ ብንቆጣቸው፣ «እሱ የታዘዘውን እኔ እምቢ ልል ነው?» ይሉናል። እሳቸውን ከዚያ ማንሳት አቅቶናልና፣ እባክዎ፣ አበባው ይቅርብንና ቀዳዳዎቹን ያስከፍቱልን።

ገና ካልወደቀው ግማሽ ግንብ ሥር፣ እስከቆመ ድረስ በአክብሮት እጅ የምነሳ፣
ሳዋኮ ናካዞኖ፣ የአኩሪ አተር ቶፉ ሻጭ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ምልክቱን ዛሬ ጠዋት ነቅለን ከቢሮዎ ደጃፍ ተክለነዋል። መቼም ሰፈራችን ምልክት አክባሪ ነው፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም እርስዎ ዘንድ እንመጣለን። ለእትዬ ሃትሱኖ ወንበር ያዘጋጁላቸው፤ ብዙ መቆም አይችሉም።