የአማቴ ጉንፋን

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9፣ አፉላ ኢሊት፣ እስራኤል

ልጄ ኖዓ ስኳር ከያዛት ጀምሮ አማቴ ዘፈኗ አንድ ነው፦ «በከረሜላ ጨረስሻት!» ያልነገረችው ጎረቤት የለም። ዛሬ ጠዋት ኩፓት ሆሊም ክሊኒክ ሄጄ የኖዓን ሐኪም ጠየቅኋት። ከከረሜላ አይደለም አለችኝ። የገዛ ሰውነቷ ነው ኢንሱሊን የሚሠራውን ክፍል ያጠቃው፤ ምናልባት ቀድሞ የያዛት ቫይረስ ቀስቅሶት ይሆናል፣ በእርግጠኝነት ግን አይታወቅም አለች።

ከሰዓት አማቴ መጣች።

«እማማ፣ ሐኪሟ ከቫይረስ ነው አለች» አልኳት። «አምና ለስግድ በዓል እያሳለዎት አቅፈው ሲስሟት አልነበረም? ከዚያ በኋላ እኮ ነው የታመመችው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ኖዓ «ሳፍታ!» እያለች አያቷን ልትስም ስትሮጥ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «አትጠጊኝ ልጄ» ብላት ወጣች።

ደስ አለኝ። እዚህ አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ማታ ኖዓን ኢንሱሊኗን ከወጋኋት በኋላ እራት አልበላም አለች። «ሳፍታ ለምን አልሳመችኝም? ስኳሬ ይይዛታል?» እያለች ታለቅሳለች። ስኳሯ ሲወርድ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በግድ ከረሜላ አጎረስኳት።

ነገ ደውዬ «ሐኪሟ ምናልባት ነው ያለችው» ብላት አማቴ ትመጣለች። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ችያለሁ። እሷም ትቻለው።