የአጥሚቱን ድስት ይመለከታል

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ
ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለወይዘሮ ውብነሽ
ባለሽበት፣ ድሬዳዋ

ውቤ፣ ከዚህ ፊት ከሚገርፍ የሐምሌ ነፋስ ቀድሞ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ከሁሉ በፊት፦ የልጅ ልጃችን ዛሬ ጠዋት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ግራም መዝናለች፤ ትተነፍሳለች። ይህን ያስቀደምኩት ቀጥሎ የማስታውቅሽን ከባድ ሐዘን ከሌላ ነገር እንዳታምታቺብኝ ነው። አሁን ግድግዳ ተደገፊ።

ትልቁ የአጥሚት ድስትሽ፣ እናትሽ ለሠርግሽ የሰጡሽ፣ ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ በእኔ እጅ አርሯል። ቂጡ ከሰል መስሏል። ጎረቤታችን ሐዲጃ በአመድ ሞክራ፣ በሎሚ ሞክራ፣ በመጨረሻ "ክፍሌ፣ ይሄ እንኳን በእኔ ክንድ በዱዓም አይለቅም" ብላኝ እጇን ታጥባ ሄደች። የጉዳቱን መጠን በጽሑፍ መግለጽ አይቻልም። ባለቤቱ ቀርቦ በዓይኑ ሊያየው ይገባል።

እንግዲህ አርባ ዓመት ትራንዚት ቤት ተቀምጬ የዕቃ መግለጫ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ልጅቷም በሌላ አማርኛ መጻፍ አልሆነልኝም። ከቀጠሮዋ ሰባት ሳምንት ቀድማ፣ ያለ ምንም ማስታወቂያ፣ አያቷ ለአራስ የሚሆን ቅቤና የገብስ ዱቄት ልታመጣ ድሬዳዋ በሄደች በሦስተኛው ቀን ገብታለች። ወደ ቤት የመግቢያ ፈቃድ ግን አላገኘችም። ይኸው አሥራ አምስት ቀኗ፣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ኩቬዝ በሚሉት የመስታወት ማሞቂያ ውስጥ፣ ባፍንጫዋ ቱቦ ገብቶላት ተኝታለች። ዳይፐሯ ብብቷ ድረስ ይደርሳል። እጄን ሦስት ጊዜ አስታጥበውኝ በሣጥኑ ቀዳዳ አንድ ጣቴን አስገባሁ። ያዘችው። ልንቀል ብል አለቅም አለች። የአንቺ ወገን ናት።

አንድ መጥፎ ዐመል አላት፤ መተንፈስ ትረሳለች። ትናንት እኔና ልጃችን ሶልያና አጠገቧ ቆመን ማሽኑ መጮህ ጀመረ። የኦክስጅኗ ቁጥር ከዘጠና አምስት ሰማንያ ገባ። ሰባ ሁለት። ስልሳ አራት። ከንፈሯ በለዘ። ሶልያና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ሳብሪን የምትባለው ነርስ፣ አማርኛዋን ከእኛ ሰፈር ልጆች የለቀመች፣ ሳትሮጥ መጣችና ውስጥ እግሯን በጣቷ ቸብ፣ ቸብ አደረገቻት። "አሌ፣ በይ እንጂ፣ እመቤት፣ ሥራሽን ሥሪ!" አለቻት። ልጅት ስሟ ክፍል ውስጥ እንደተጠራ ተማሪ ብንን ብላ ተነፈሰች። እኔ የተነፈስኩት ከእሷ በኋላ ነው። በቀን አራት አምስቴ እንዲህ ታደርገናለች። የንስሐ አባታችን "ሰማንያ ቀኗን ሳንጠብቅ፣ ካስፈለገ፣ እዚያው ድረስ መጥቼ አጠምቃታለሁ" ብለውኛል። "ካስፈለገ" የምትለዋን ቃል ኪሴ ውስጥ ደብቄያታለሁ። ሶልያና አልሰማቻትም።

አሁን ወደዚያ ሐሙስ ልምጣ። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ቁርጡን እስኪነግረን መወለዷን ሦስት ቀን ደብቀንሽ፣ ከዚያ ደውዬ ምን አልኩሽ? "ሶልያና ወልዳለች፤ ልጅቷ ደህና ናት፤ አትደንግጪ፤ ብቻ ነይ።" ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። ግን እኛ ማን ነን? "ትንሽ አሞታል" ሲባል ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ ሕዝብ ነን። ወንድምሽ ያረፈ ጊዜ "ራሱን ትንሽ አሞታል፣ አትደንግጪ፣ ብቻ ነይ" ብዬ ድሬዳዋ ድረስ የወሰድኩሽስ እኔው አይደለሁም? ታዲያ ምን ይገርማል፤ "ልጄን!" ብለሽ ጮኽሽ፣ ስልኩ ወደቀ። መልሼ ደውዬ እስኪነሣልኝ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጥቷል፤ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ ሳይኖር የእድሩ ድንኳን ተተክሏል፤ ንፍሮ ተጥዷል። የእድሩ ሊቀመንበር ስልኩን ተቀብለው "አቶ ክፍሌ፣ እግዜር ያጥናዎ" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ ማንም አልሞተም" አልኳቸው።

ከዚያ "ታዲያ ንፍሮው?" አሉኝ።

ያን ቀን ስቄያለሁ፤ ይቅር በይኝ። አሁን አልስቅም። ቀሪውን እኅትሽ ጥበብ ነግራኛለች። ቅቤው ታስሮ፣ ዱቄቱ ተሰፍቶ፣ ሻንጣሽ በር ላይ ከቆመ ሁለት ሳምንት ሊሆነው ነው አለችኝ። አንቺ ግን "በቁሟ አልቅሼባታለሁ፤ ከሄድኩ ለቅሶዬ ተከትሎኝ ይገባል" ብለሽ ተቀምጠሻል። ስልክ ሲጮህም ጆሮሽን ትይዣለሽ። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት። ወረቀት አይጮህም።

ነገሩን ለሐዲጃ አጫወትኳት። "ውሸቷን ነው! ሐረር ውስጥ በቁሙ የተለቀሰለት ሰው ዘጠና ዓመት ሳይሞላው አይሞትም" አለችኝ።

"ይህን ከማን ሰማሽ?"

"አሁን፣ ከራሴ" አለች። "ግን ለውብነሽ ከአያቴ ነው በላት።"

እኔም ከአያቷ ነው ብያለሁ። የራሴን ምስክርነት ልጨምር፦ ሠላሳ ስድስት ዓመት በገባሽበት ቤት ሁሉ እግርሽ እርጥብ ነበር። ለቅሶ ቢከተልሽ ኖሮ እኔ ቀድሜ በሞትኩ ነበር፤ በእኔ ላይ ያላለቀስሽበት ወር የለም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። የሶልያና ወተት እየነጠፈ ነው። ሳብሪን "ለዚህች ልጅ ከእናቷ ወተት የሚበልጥ መድኃኒት ቁም ሣጥናችን ውስጥ የለም" ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን በጡት ማለቢያው ግማሽ ብልቃጥ ትሞላ ነበር። ዛሬ ጠዋት የታችኛዋ መስመር ላይ አልደረሰም። ባሏ አምሀ ከዶራሌ ወደብ ሥራው እንደወጣ፣ የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ በየቀኑ የምግብ ቤት ሾርባ ይዞላት ይመጣል፤ ለነርሶቹ ታድለዋለች። እኔ አጥሚት ሠራሁ (ስለ ድስቱ ከላይ የተጻፈውን ይመለከቷል)። ቀመሰችና "አባዬ፣ ይሄ ስሚንቶ ነው" አለችኝ። ሳቀች ብዬ ደስ ሲለኝ ማንኪያውን አስቀመጠች።

"እማዬ ለምን አልመጣችም?"

"ቅቤው አልተነጠረም" አልኳት።

"አባዬ፣ እኔ የእናንተው ልጅ ነኝ። ሐኪሙ ለእማዬ የሆነ ነገር ነግሯታል። እኔን ላለማየት ነው የቀረችው። ከእኔ ብቻ ነው የደበቃችሁት።"

አየሽ ውቤ? ብትጠሪ መርዶ፣ ብትቀሪም መርዶ ሆነብን። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲህ ያለ ፊት አላየሁባትም፤ ቁጥሩ ስልሳ አራት በገባ ጊዜ እንኳ።

ስለዚህ ዋሸሁ። "እናትሽ ባቡር ላይ ናት" አልኳት። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ያደገች ልጅ ናትና፣ "የትኛው ባቡር? እዚያ ፍየል ነው የሚተኛው" አለችኝ።

"አዲሱ ነዋ።"

"መቼ ይገባል?"

"እሑድ።"

ከዚያ ማለቢያውን አነሣች።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ልደቱ ነው፤ መኪናውን ፔካ 12፣ የከባድ መኪኖቹ መቆሚያ፣ አቁሞ እየጠበቀኝ ነው። ድሬዳዋ ጭነቱን አራግፎ ቅዳሜ ይመለሳል። ጋቢናው ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ነው፤ ቅቤ ያለው ሰው ቢሳፈር ቅር እንደማይለው ነግሮኛል። ይህን የጠቀስኩት ለመረጃ ያህል ነው። ያቺን በስልክ ያልኩሽን ቃል ደግሜ አልጽፋትም፤ ምን እንደምታደርግ አይቻለሁ።

አንድ ነገር ረስቼ። ቤታችን እስከ ዛሬ እልል አልተባለበትም። ጎረቤቶች "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚሉን ሐሜት እንደሚያወራ ሰው በሹክሹክታ ነው። ለሴት ልጅ የሚገባው ሦስቱ እልልታ ሳይነካ ተቀምጧል። እኔ ሞክሬ ነበር፤ የሐዲጃ ዶሮዎች ተበተኑ።

ያቺን የመስታወት ሣጥን ቀን ከሌት የሚጠብቅ አምላክ ለአንቺም መንገዱን ይጠብቅልሽ። የማርያም ምሕረት ለልጃችን፣ እስትንፋስ ለልጅ ልጃችን፣ ለእኔም ትንሽ ትዕግሥት ይስጠን። ጥበብን ሳሚልኝ። ሊቀመንበሩን ለንፍሮው ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ባልሽ ክፍሌ
የቀድሞ ትራንዚተር፣ የአሁን አያት

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ መግቢያ ላይ ትልቁ የአጥሚት ድስት አርሯል ተብሎ የተገለጸው በድጋሚ ሲጣራ ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ያረረው ትንሹ ነው። ትልቁ ታጥቦ፣ መደርደሪያው ላይ ተደፍቶ፣ ባለቤቱን ይጠብቃል። ስለዚህ የመግቢያው ቃል ተሰርዞ በሚከተለው እንዲነበብ፦ ድስቱ ደህና ነው፤ አትደንግጪ፤ ብቻ ነይ።