ዘይነባ የደበቀችኝ ቁስል

ሰኞ፣ መርሳ
ዘይነባ ዋሽታኛለች። ሚስቴ ናት፤ አብረን አርጅተናል፤ ግን ዋሽታኛለች። ዛሬ ለሱብሂ ሶላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ስታደርግ ሳታየኝ ደረስኩ። ከግራ እግሯ ጨርቅ ትፈታለች። አውራ ጣቷ ጠቁሯል፤ ይሸታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምንም አይደል፣ ጫማ መልጦኝ ነው። አልሐምዱሊላህ።»

ሳፋጥጣት አመነች፤ ከዐረፋ በፊት ጀምሮ ነው! በየጠዋቱ እንዴት አደርሽ ስላት እየሳቀች «አልሐምዱሊላህ» ስትለኝ ከርማለች። ተቆጣሁ። ቁርስ አልበላሁም። እሷም አልለመነችኝም።

ማክሰኞ
ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለቻት። «አልሐምዱሊላህ።» «ያምዎታል?» «አልሐምዱሊላህ።» ልጅቷ ደህና ናት ብላ ልትጽፍ!

«አንቺ ልጅ፣ አፏን ተይውና እግሯን እዪ» አልኳት።

ጨርቁ ሲፈታ የነርሷ ፊት ተለወጠ። ደሟን መርምራ ስኳር አለባት አለች። ዛሬውኑ ወልድያ ሆስፒታል ሂዱ፣ እግሯን ልታጣ ትችላለች አለችን።

መኪና ተሳፈርን። ሲሪንቃን ስናልፍ «ለምን ደበቅሽኝ?» አልኳት።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ፣ በዚህ ቤት ወይኔ የሚል አፍ አልፈልግም ያሉት?»

እየሳቀች ነው ያለችው። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ረቡዕ፣ ወልድያ
ሐኪሙ አይቷት ለነገ ቀጠራት፤ ልጃችን ከድጃ ቤት አደርን። እንቅልፍ የለም።

ብያለሁ። ደጋግሜ፣ ወይኔ አትበሉ ብያለሁ። ፊደል ያለ መምህር የለየሁት፣ ክፉውን ዘመን ያለፍኩት ባለማማረሬ ነው። አሁንም ማማረር አልወድም። ሕመምሽን ዋጪ ማለቴ ግን አልነበረም። ይህን ለይቼ ነገርኳት? አልነገርኳትም። በዚያ እግሯ ውሃ ቀድታለች። ውሃውን እኔ ጠጥቻለሁ።

ሐሙስ
ጣቷን ቆረጡት። እግሩ ይተርፍ አይተርፍ ገና አይታወቅም አለ ሐኪሙ።

«ካመመሽ ያመኛል በይ» አልኳት።

«እስቲ ይቅደሙኝ» አለች። በዚህም ሰዓት ትቀልዳለች።

እንቢ አልኩ። በመጨረሻ «ጉልበቴን ያመኛል» አልኩ። እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ አፈርኩ።

«እሱንማ ሲሰግዱ ሲያቃስቱ እሰማ የለ!»

ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። እጄን ያዘችኝ። «ያመኛል፣ በጣም ያመኛል» አለች። አለቀሰች። አቅፌ ያዝኳት። እንባዋን ጠርጋ «አልሐምዱሊላህንም አልተውልዎትም» አለችኝ።

«ማን ተይ አለሽ?»

ቅዳሜ
ሐኪሙ ቁስሉን ፈትቶ አየው። ቀይ ሥጋ ወጥቷል። እግሯ የሚተርፍ ይመስላል አለ። ይመስላል ነው ያለው።

ነርሷ «እንዴት አደሩ?» ስትላት «አልሐምዱሊላህ። ግን አሞኝ አልተኛሁም፤ ማስታገሻ ስጡኝ» አለች። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ። ተሰጣት፤ አሁን ተኝታለች።

ከድጃ በር ላይ ይዛኝ «አባ፣ እማ ግን እንዴት እንዲህ ትዋሸናለች?» አለችኝ።

«እኔን ፈርታ ነው። ሁለተኛ ዋሸች የሚል ነገር እንዳታነሺባት» አልኳት።

እኔም አላነሳውም። ለዘይነባም፣ ለልጆቻችንም፣ ለማንም።